ሙሉ ወንበር

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ይህን የሰማሁት ማንበብ ሳልጀምር ነው፤ ሰምቼም አልተውኩት። እናቴ “ይቺ ልጅ አዋላጇንም ያየቻት በጥርጣሬ ነው” ትል ነበር። ቤተሰቡ “መርማሪዋ” የሚል ስም አወጣልኝ። ማን ምን ይዞ እንደወጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኮራረፈ ለማወቅ እኔን መጠየቅ ይበቃ ነበር። እንግዲህ ያን የሚያህል ዓይን ይዤ፣ አፍንጫዬ ስር የተሠራውን ነገር አለማየቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቤታችን የወንበር ቤት ነበር። ታች ወርክሾፕ፣ ላይ መኖሪያ። ሰጋቱራው ከእኛ ጋር ደረጃ ወጥቶ አልጋችን ውስጥ ይገባል፤ ዳቦው ሳይቀር ኮላ ኮላ ይሸታል። አያቴ፣ ሁላችንም አባባ የምንለው፣ ወንበርን እንደ ዳቦ ቆራርሶ ለልጆቹ አከፋፍሏል። ታላቁ አጎቴ እግር ብቻ ይሠራል። አባቴ መደገፊያ ብቻ። ታናሹ አጎቴ መቀመጫው የሚወጠርበትን ክፈፍ ብቻ። የሁሉም ታናሽ የሆነችው አክስቴ ደግሞ ክፈፉ ላይ ገመድ ታጠላልፋለች። መገጣጠሙን አባባ ለማንም አልሰጠም። በሩን ዘግቶ፣ ኮላውን ራሱ ቀብቶ ራሱ ይገጥማል። እግር የሚሠራ ሰው መደገፊያ ቢነካ፣ የሰው ሚስት የነካ ያህል ነውር ነበር።

“ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይላል አባባ፣ ያለቀለትን ወንበር በመዳፉ እየመታ። እርስ በርስ የሚጠራሩትም በድርሻቸው ነበር፤ ባለ እግሩ፣ ባለ መደገፊያው፣ ባለ ክፈፉ። አክስቴ ብቻ “እሷ” ነበረች።

ያኔ ይህ ሁሉ ፍቅር ይመስለኝ ነበር። ፍቅርም ነበረበት፣ አልዋሽም። ግን ዛሬ ሳስበው፣ እግር ብቻ መሥራት የሚያውቅ ሰው ከዚያ ቤት ወጥቶ የት ይደርሳል? እግር ብቻ ማን ይገዛዋል? አባባ በር ላይ ቁልፍ ማንጠልጠል አላስፈለገውም።

የቤቱ ወሬኛ ታናሹ አጎቴ ነበር። ጸጉሩን በውሃ እያራሰ ያበጥራል፣ የብቻው መስታወት አለው፣ ፎጣውን ሰው ሲነካበት ያኮርፋል። አንድ መምህር ጓደኛ ነበረውና ከእሱ የሰማውን እያመጣ ምሳ ላይ ይዘረግፍልናል። አንድ ቀን “ሰው መጀመሪያ ራሱ ነው” አለን። “የማንም ልጅ፣ የማንም ወንድም የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ግለሰብ ማለት እሱ ነው።”

አባባ ማንኪያውን አስቀመጠ። “መጀመሪያ ራስህ ከሆንክ፣ ማን ወለደህ?”

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። አክስቴ ብቻ አልሳቀችም። ሾርባውን እየጨለፈች፣ ቀና ሳትል “እሺ፣ ራሱ የሆነ ሰው ምን ይሠራል?” ብላ ጠየቀችው።

አጎቴ ጸጉሩን ዳበሰ። “እንግዲህ... ያስባል” አለ።

እኔ አክስቴ እንደ ሌሎቹ ያፌዘችበት መስሎኝ በሆዴ ሳቅኩ። አሁን ሳስታውሰው ግን በዚያ ገበታ ላይ የምር የጠየቀችው እሷ ብቻ ነበረች። መልሱ ሲያጥርባት ሾርባዋን መጨለፍ ቀጠለች።

ከዚያ ወዲህ “ግለሰብ” በቤታችን ስድብ ሆነ። የመጨረሻውን ዳቦ ያነሳ ግለሰብ ነው፤ መብራት ሳያጠፋ የተኛ ግለሰብ ነው። እኔ እንደ ኩፍኝ የሚይዝ በሽታ አድርጌ ወሰድኩትና የታናሹን አጎቴን ፊት በየጠዋቱ እመረምር ጀመር። ምን ይወጣበት ይሆን ብዬ።

የወጣበት ጥርጣሬ ነበር። ትንሽ ቆይቶ እንጨት መጥፋት ጀመረ። ከረጅም ጣውላ ተቆርጠው የሚቀሩ ደህና ደህና ቁራጮች ግድግዳው ላይ ባለ መደርደሪያ ይቀመጣሉ፤ አባባ እያንዳንዱን እንደ ልጅ ያውቀዋል። አንድ ጠዋት መደርደሪያው ስር ቆሞ፣ ያቺ ጥቁር ጅማት ያላት የት ሄደች ብሎ ጠየቀ። ማንም አላየም። ሌላ ቀን ደግሞ ሌላ። ታላቁ አጎቴ፣ ከውጭ የመጣ ሌባ ቢሆን ውሻው ይጮህ ነበር አለ። ይህን ካለ በኋላ ሁሉም ዞር ዞር ብሎ ተያየ።

እዚያ ቤት ውስጥ እንጨት መስረቅ ማለት እንጨት መስረቅ ብቻ አልነበረም። አንዱ ወንድም ተደብቆ የሌላውን ድርሻ እየተማረ ነው፣ ሙሉ ወንበር ሊሠራ ነው፣ ሊገነጠል ነው ማለት ነበር። አባባ በአንድ ምሳ ላይ ፍርዱን አስቀድሞ ነገረን። የተገኘው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የለበሰውን ለብሶ ከዚህ ቤት ይወጣል፣ ተመልሶም አይገባም። ከዚያ በኋላ ምሳችን የማንኪያ ድምፅ ብቻ ሆነ። ታላቁ አጎቴ መሮዎቹን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረ። አባቴ ለእናቴ በሹክሹክታ፣ ሌባው ራሱ ታላቅ ወንድሜ ቢሆንስ፣ መጀመሪያ የሚጮኸው ሌባ ነው ይላት ነበር። ሰው ክፍል ሲገባ ወሬ ይቆማል። እኔማ በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም፤ ቤቱ በሙሉ እንደኔ ሆነልኝ።

ተጠርጣሪዬን ለመምረጥ አልተቸገርኩም። ታናሹ አጎቴ ከሰዓት በኋላ ተበጣጥሮ ይወጣል፣ ሲመለስ ያፏጫል፣ የት ነበርክ ሲሉት “እዚሁ” ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው አልኩ። በኋላ እንደሰማሁት፣ ሁለት መንገድ አልፎ ባለው ልብስ ስፌት ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች፤ ዛሬ ሚስቱ ናት። እኔ ግን እያንዳንዷን ፉጨት በጣውላ ተረጎምኳት።

የምከታተለው ከየት ሆኜ መሰላችሁ? ከአክስቴ ጎን ተቀምጬ። የገመድ ክፍሉ ከወርክሾፑ ጀርባ ነበር፤ ገመዱ እንዲለሰልስ የሚነከርበት በርሜል አለ፣ ኮላ የሚሞቅበት ምድጃ አለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ገብቼ የገመድ ጫፍ እይዝላታለሁ፣ በመስኮቱም ግቢውን እጠብቃለሁ። አክስቴ አጭር ናት። የእኛ ወንበር ደግሞ ሁሉም አንድ ልክ ነው፣ የአባባ ልክ። ስትቀመጥበት እግሯ መሬት አይደርስም፤ ከስር የእንጨት ሳጥን ታስገባለች። ግራኝም ነበረች፤ ገመዱን ከሌላ ሰው በተቃራኒ ነው የምትጎትተው። ይህን ሁሉ አያለሁ። አየሁት እንጂ ምን ዋጋ አለው።

ሻይ ይዛ ለታላቅ ወንድሟ ትሄድና፣ ይሄ እግር ወደ ታች ሲወርድ ለምን ቀጠነ ትለዋለች። እሱ ደስ ብሎት ይተነትንላታል፤ ለሴት ልጅ ማስረዳት ምን ክፋት አለው? አባቴን፣ መደገፊያው ወደ ኋላ የሚጋደደው ስንት ነው፣ በምንስ ታውቀዋለህ ትለዋለች። አባባ ሲገጥም ማንም አይገባም ብዬ ነበር፤ ኮላው እንዳይቀዘቅዝ ጎኑ ቆሞ የሚያቀብል ሰው ግን ያስፈልጋል። ያ ሰው አክስቴ ነበረች። ኮላ ማሞቅ የሴት ሥራ ስለሆነ እንደ መግባት አልተቆጠረባትም። አንድ ሰሞን ቀኝ አውራ ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሎ አየሁና መርማሪ አይደለሁ፣ ምን ሆንሽ አልኳት። “ገመድ ቆረጠኝ” አለች። አመንኳት። ገመድ ይልጣል እንጂ አይቆርጥም፤ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጠው መሮ ነው።

ነገሩ የፈነዳው በእረፍት ቀን ጠዋት ነው። አባቴ ከታናሹ አጎቴ መስኮት ስር፣ ቅጠል የተጣለበት ትኩስ ፍቅፋቂ አገኘ። የገመድ ክፍሉ መስኮት ከዚያው መስኮት ስር መሆኑን ማንም አላሰበም። አባባ ሁላችንንም ወርክሾፕ ሰበሰበን። ታናሹ አጎቴ ግማሽ ጸጉሩ ተበጥሮ ግማሹ ሳይበጠር መጥቶ መሃል ቆመ። ማለ፣ ተገዘተ፣ በእናቱ አፈር ማለ። ታላቁ አጎቴ አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ እያሻሸ መሬት መሬት ያያል። እኔ ሳልጠየቅ የመስታወቱንም፣ የፎጣውንም፣ የፉጨቱንም ነገር ተናገርኩ፤ እናቴ ቆነጠጠችኝ።

አባባ አልጮኸም። “ግለሰብ መሆን አምሮህ ነበር። ሂድና ሁን” አለው። “ልብስህን ልበስ።”

ታናሹ አጎቴ አባባ እግር ላይ ወደቀ። ያ ሁሉ ወሬ የት ሄደ? የብቻው መሆን የሚመኝ ሰው፣ የብቻው ሲደረግ ምሕረት ለመነ። አሳዘነኝ።

ያኔ አክስቴ ወጣች። ከገመድ ክፍሉ ስትመለስ ደረቷ ላይ ያቀፈችው ወንበር ነበር። መሃል አስቀመጠችው። ዝቅ ያለ፣ መደገፊያው ለስለስ ብሎ የታጠፈ፣ ያቺ ጥቁር ጅማት ያላት እንጨት በመደገፊያው ላይ የወረደችበት ወንበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ አላየሁም።

“እኔ ነኝ የሠራሁት” አለች። “እንጨቱንም የወሰድኩት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም።”

ማንም እሷን አላያትም። ሁሉም ያየው ወንበሩን ነው። ታላቁ አጎቴ ተንበርክኮ የወንበሩን እግር ዳበሰ፤ ይሄማ የኔ አሠራር ነው አለና ወደ አባቴ ዞረ፣ መደገፊያው ያንተ ነው አለው። አባቴ በበኩሉ እንደ እሳት ነደደ፤ እኔ አላሳየሁትም፣ የኔን አሠራር አጥንተህ ለታናሻችን ያሳየኸው አንተ ነህ እንጂ አለ። ሦስቱም ወንድማማቾች እየተጠቋቆሙ፣ አብራችሁ ዶልታችኋል መባባል ያዙ። አንዲት እህታቸው ብቻዋን ሠራችው ከሚሉ፣ ሦስቱም ከዳተኛ ናቸው ማለት ቀለላቸው።

ታላቁ አጎቴ ድንገት ፊቱን ወደ እንጨቱ አስጠጋ። የመላጊያው መንገድ በተቃራኒ ሄዷል አለ። ሁሉም ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም የመሣሪያው አካሄድ ከግራ ነው። አጎቴ በታናሽ ወንድሙ ብልጠት ተገርሞ ራሱን ነቀነቀ።

“በግራ እጁ ነው የሠራው” አለ። “እንዳናውቀው።”

አክስቴ መደገፊያውን በግራ እጇ ይዛ ቆማ ነበር። “እኔ ግራኝ ነኝ” አለች።

አባቴ በለሰለሰ ድምፅ፣ አንቺማ ገመዱን አጠላልፈሽለታል፣ ገብቶናል አላት።

በመጨረሻ አባባ መጣ። ወንበሩን ገልብጦ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ሄደባቸው። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ቀና ብሎ የአክስቴን አውራ ጣት አየ፤ ጠባሳው ገና ቀይ ነበር። እኔ ከእሱ ስር ቆሜ ስለነበር የት እንዳየ አይቻለሁ። ያኔ የመሰለኝ አዝኖላት ነው። ዛሬ ግን በዚያች ቅጽበት ሁሉን እንዳወቀ፣ አውቆም እንደ መረጠ እምላለሁ። አንዲት ሴት ልጅ ኮላ እያቀበለች ሙሉ ወንበር ከሠራች፣ የሃምሳው ሎሚ ነገር አበቃ።

“ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው” አለ አባባ። “ለዚህች ልጅ ነው የተሠራው።” እጁ ወደ እኔ ተዘረጋ። ለታናሹ አጎቴ፣ ለወንድምህ ልጅ ስትል ያጠፋኸውን ምሬሃለሁ አለው። አክስቴን ደግሞ ግንባሯን ሳማት። “ወንድምሽን ለማዳን ራስሽን ሰጠሽ። እህት ማለት እንዲህ ናት።”

የወርክሾፑ መንፈስ ተገለበጠ። ታላቁ አጎቴ አለቀሰ፣ አባቴ ታናሽ ወንድሙን አቀፈ፣ እናቴ አክስቴን ደረቷ ላይ ለጥፋ “አንቺ እኮ ልብ ብቻ ነሽ” አለቻት። ታናሹ አጎቴ ሊክድ አፉን ከፈተ፤ ሁሉም በፍቅር እንደሚያየው አየና መልሶ ዘጋው። አክስቴ በእናቴ ትከሻ ላይ “እኔ ነኝ” ስትል ሰማኋት። እናቴ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት።

እኔ ወንበሬ ላይ ወጣሁ። እግሬ ተንጠለጠለ። አባቴ እየሳቀ፣ ታድግበታለች አለ።

ብዙም ሳይቆይ አክስቴ ሄደች። ሌላ ከተማ የታመመች ዘመድ ልታስታምም ነው ተባለ። እኔ ጥርጣሬዬን እንደ ልማዴ አዘጋጀሁ፤ ታናሹ አጎቴ በደንብ ስላላመሰገናት አኩርፋ ነው አልኩ። ታሪኩ በቤታችን ቀረ። በየድግሱ ይነገራል፤ የእህት ፍቅር ሲባል ይጠቀሳል። ታናሹ አጎቴ መጀመሪያ ሰሞን “ተዉት” ይል ነበር። በኋላ ፈገግ ማለት ጀመረ። አባባ ከሞተ፣ የፕላስቲክ ወንበርም መጥቶ ወርክሾፑ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ፣ ያንን ወንበር እንዴት እንደ ሠራው፣ ግራ እጁ እንዴት እንዳስቸገረው ለልጆቹ በዝርዝር ያወራላቸው ነበር።

እኔ ከቤት ስወጣ ወንበሩን ይዤ ወጣሁ። ለዓመታት የልብስ መከመሪያ ነበር። አንድ ቀን፣ ቁመቴ ማደጉን ካቆመ ስንት ጊዜው፣ ልብሱን ገፍቼ ጫማዬን ላስር ተቀመጥኩበት። እግሬ መሬቱ ላይ ደልደል ብሎ አረፈ። ጀርባዬ ወደ ኋላ ሲል መደገፊያው ተቀበለው። ቁመቴ በአክስቴ ወጥቷል፤ ሁሉም ይሉኛል። ጫማዬን ሳላስር ቀረሁ። ይህ ወንበር አንድም ቀን የልጅ ወንበር አልነበረም። ልኩ የትልቅ ሰው ልክ ነው፣ የአጭር ሴት ልክ፣ በዚያ ቤት ለእሷ ማንም የማይሠራላት ልክ። አውራ ጣቷ፣ ሻዩ፣ ኮላው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ተናደድኩ፤ እንባዬም መጣ።

ወንበሩን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ሄድኩ። አክስቴ ያለችበትን ቤት ሳገኝ አንድ ክፍል ወርክሾፕ ውስጥ ጎንበስ ብላ፣ የአንድ ጎባጣ ሽማግሌን ከጉልበት እስከ ተረከዝ በገመድ ትለካ ነበር። የታመመች ዘመድ የሚባል ነገር አልነበረም። ጸጉሯ ሸብቷል። ከእኔ በፊት ያወቀችው ወንበሩን ነው።

ሽማግሌው እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ ገልብጣ ከስሩ አየችው፣ አንዱን መጋጠሚያ ጠቆም አድርጋ “እዚህ ጋ ኮላ በዝቶብኝ ነበር” አለች።

አባባ ያን ቀን አውቆ ነበር ብዬ ጠየቅኳት። ማወቁንስ አወቀ፣ ግን አባት ነው፣ አራት ልጅ ይዞ አንድ ወንበር ላይ ቆሟል፣ ምን ያድርግ አለችኝ። ስለ እሱ ስታወራ አልመረራትም። የመረራት ሌላ ነገር ነበር።

“ሌባ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር” አለች። “ሌባን እንኳን የሠራውን አይነጥቁትም። እኔን ደግ ነሽ ብለው ነጠቁኝ።”

ወንበሩን ይዤላት የመጣሁት እንድትወስደው መሆኑን ነገርኳት። አይ፣ ላንቺ ይሁን ትለኛለች ብዬ ነበር፤ ዘመድ እንደዚያ ይላል። አላለችም። “አዎ፣ የኔ ነው” አለችና ሥራ ጠረጴዛዋ አጠገብ አስቀምጣ ተቀመጠችበት። ከዚያ የመለኪያ ገመዷን አነሳች። “ቁሚ እስቲ። ቁመታችን ቢገጥምም ጉልበትሽ የኔ ጉልበት አይደለም።”

ወደ ቤተሰብ ስመለስ ምሳ ላይ ደረስኩ። አባቴና አጎቶቼ አርጅተው፣ የልጅ ልጆች መሃል ተቀምጠዋል። ወንበሩስ አሉኝ። ለሠራችው ሰጠኋት አልኩ። እርስ በርስ ተያዩና በርኅራኄ ሳቁ። አባቴ፣ አይ እህቴ፣ ዛሬም ትሸፍንለታለች ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

“እንዴ” አለ ታናሹ አጎቴ፣ ከልቡ ቅር ብሎት፤ “እሱን የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ።”

“እስቲ አሳየን አጎቴ” አልኩት። “መሮውን የያዝከው በየትኛው እጅህ ነበር?”

ማንኪያውን አስቀመጠ። ግራ እጁን አነሳና አየው፣ መልሶ ቀኙን አየው። ልጆቹ መልሱን እየጠበቁ ነበር።